አሥራ አምስት አምፒር በእትዬ ጥሩወርቅ ማድ ቤት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ኤሌክትሪክ ይዞሽ ያውቃል?» አዎ፣ ይዞኝ ያውቃል። አንዴ ክንዴን አደንዝዞ ለቀቀኝ፤ ሌላ ጊዜ ከመሰላል አውርዶ ጭቃ ላይ ዘረረኝ። ጠያቂዬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይፈጣል፤ ደስም የሚለው ይመስለኛል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ከመያዙ ይልቅ የምፈራው ሒሳቡን ነበር። ያውም ከባድ ሒሳብ አይደለም፤ ማባዛትና ማካፈል ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ የቀለድኩ ይመስለዋል። አልቀለድኩም። አሁን ጊዜ አለኝ፤ መሰላል ይዤ እንድሮጥ የሚጠራኝም የለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

ስሜ የሺእመቤት ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀኝ «የሺ መብራት» ብሎ ነው። የተወለድኩት ከገሳይ ወጣ ብላ ባለች የገብስና የስንዴ አገር ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሥራዬ በቅጡ አልገባውም። ጎረቤት ሲጠይቀው «ልጄ የመንግሥት እንጨት ትወጣለች» ይል ነበር። እኔም አላረምኩትም፤ እውነቱን ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዬ እንጨት መውጣት ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። የውሎ አበል ወረቀት መሙላት ደግሞ ምሰሶ ከመትከል ይከብዳል፤ ስለ እሱም አልልም።

በተቀጠርኩ ቀን የተመደብኩት ከጋሽ አድማሱ ጋር ነው። ጋሽ አድማሱ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዲቁና ተቀብለው ዜማ ቤት ድረስ ከዘለቁ በኋላ ነው ወደ መብራት ሥራ የገቡት። መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ቁልፍ ሲያጸዱ አገኘኋቸውና ሰላምታ ሰጠሁ።

«ከፍታ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«አልፈራም።»

«ሒሳብስ?»

«ሒሳብማ ጎበዝ ነኝ፤ በትምህርት ቤት...»

«ልትፈሪው ይገባል» ብለው ቁልፋቸውን ማጽዳት ቀጠሉ። ያን ቀን ከእሳቸው የሰማሁት ይኸው ብቻ ነው። እብሪተኛ ሽማግሌ መስለውኝ ቤቴ ገብቼ ስቄባቸዋለሁ።

በነጋታው ማስተማር ጀመሩ። የሚያስተምሩት እንደ የኔታ ነው፤ በቃል። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። «ቮልት ለአምፒር ሲካፈል፣ ኦም። ቮልት በአምፒር ሲባዛ፣ ዋት።» ዜማ አላቸው፤ መጨረሻውን ልክ እንደ ውዳሴ ማርያም ይጎትቱታል። መሰላል ስወጣ በእያንዳንዱ እርከን ላይ አንድ ጊዜ ማለት ነበረብኝ። የመንገዱ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ሴት ምሰሶ ላይ መውጣቷ ሳያንስ እየዘመረች ነው። ልጆች ከታች ሆነው «ኦም! ዋት!» እያሉ ይቀበሉኝ ነበር።

ትርጉሙን የነገሩኝ በቃሌ ከያዝኩት በኋላ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ደንብ እንዲያ ነውና። «ቮልት የሚገፋው ነው» አሉኝ። «አምፒር ተገፍቶ የሚያልፈው ነው። ኦም ሽቦው "አላሳልፍም" ብሎ የታገለው ነው። ዋት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትግል በኋላ የተሠራው ሥራ ነው፤ ውኃው የሞቀው፣ አምፖሉ የበራው። ሁለቱን ካወቅሽ ሁለቱ ራሳቸው ይመጣሉ። አንዱን ብቻ ካወቅሽ ግን ምንም አታውቂም።»

ይህንን አጥብቀው ይይዙ ነበር። አንድ ቤት ገብቼ ለክቼ «ሁለት መቶ አሥር ቮልት» ብዬ ብነግራቸው ዝም ይላሉ። ያልሰሙኝ መስሎኝ እደግማለሁ፤ አሁንም ዝም። አምፒሩን እስክጨምር ድረስ መልስ የለም። ሁለቱን ስነግራቸው ደግሞ ገና አልጨረስኩም፤ አካፍዬ ኦሙን፣ አባዝቼ ዋቱን መናገር አለብኝ። ከዚያ በኋላ ነው «እግዜር ይስጥሽ» የሚሉት። ችኩል ስለሆንኩ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አንድ አምፖል ለመቀየር ሄደን ቅዳሴ የምንቀድስ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቤት ሲገቡ ቆጣሪውን አያዩም፤ መጀመሪያ ሰዉን በደንብ ሰላም ይላሉ፤ ከዚያ ምን ምን እንደሚያበስሉ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበስሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ ገመዱን በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጉታል፤ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስሰው ነው። ቴስተራቸውን ከኪሳቸው የሚያወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ገሳይ ላይ የቆየንበትን ጊዜ አልረሳውም። አንድ የእህል ወፍጮ ሞተር በየጊዜው ይቃጠል ነበር። ባለወፍጮው ቦታውን ጠበል አስረጨ፣ የሞተሩን የተቃጠለ ሽቦ በአዲስ አስጠመጠመ፣ ደግሞም ተቃጠለ። ጋሽ አድማሱ ሄደው እንደ ልማዳቸው ሰላም አሉ፣ ጠየቁ፣ ዳሰሱ፣ ለኩ። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ወፍጮው ጋ የሚደርሰው ቮልት ቀንሷል፤ አምፒሩ ግን ከተጻፈለት በላይ ሆኗል። እኔ ግራ ገባኝ፤ የሚገፋው ካነሰ የሚያልፈውም ማነስ የለበትም?

«ሞተርና ምጣድ አንድ አይደሉም» አሉኝ። «ሞተር ሲርበው ይስገበገባል፤ ሥራውን ለመጨረስ ብዙ ይጎርሳል፤ በዚያ ይቃጠላል። ምጣድ ግን ሲርበው ይተኛል። ኦሙ ያው ነው፤ ቮልት ሲያንስ አምፒሩም ያንሳል፣ ይቀዘቅዛል። የተኛ ምጣድ ማንንም አይጎዳም።» ለወፍጮው የተለየ መስመር ተዘረጋለት፤ ሞተሩም ከዚያ በኋላ ደኅና ሆነ። እኔም ያን ነገር እንደ ወንጌል ያዝኩት፤ የተኛ ምጣድ ማንንም አይጎዳም። እውነትም ነው። ችግሩ የተኛውን ምጣድ የሚቀሰቅስ ሰው ሲመጣ ነው።

ጋሽ አድማሱ ጡረታ ወጥተው ወደ ጣራ ገዳም አካባቢ ገቡ፤ ከገዳሙ ሥር ትንሽ ቤት ሠርተው ንስሐ ልግባ፣ ቀሪ ዘመኔን ልጸልይ አሉ። እኔ ደብረ ታቦር ተመልሼ የጥገና ቡድን መሪ ሆንኩ። ከዚያ ወዲያ ቤት ስገባ ዝም ብሎ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ተገላገልኩ።

ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሰፈር በዚያ ዘመን አዲስ እየተስፋፋ ነበር። መብራት የሚያገኘው ከሩቅ ትራንስፎርመር ነው፤ ቤት በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እየደከመ ሄደ። አምፖሉ እንደ ጧፍ ነው የሚበራው። ከሁሉ በላይ አቤት የሚሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተው እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴሎችና ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ተማሪዎች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ቤታቸውንም የጨረሱት በእነዚያ ምጣዶች ነው። አንገታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር፣ ቀልድ አዋቂ ነበሩ። ቢሯችን በር ላይ ቆመው «የሺ፣ መብራትሽ ዛሬም ጾም ላይ ነው?» ሲሉኝ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ አፍራለሁ።

አንድ ቀን ሄጄ ማድ ቤታቸውን ለካሁ። በር ላይ፣ ገመዱ በሚገባበት፣ መቶ ሃምሳ ቮልት ነው። በአንደኛው ምጣድ ገመድ ላይ መለኪያዬን ሳጠልቅ አሥራ አምስት አምፒር አነበብኩ፤ ሁለተኛውም ያው ነው። አባዛሁት፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት። ደኅና ምጣድ በደኅና መብራት ወደ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ይፈልጋል። «እትዬ፣ የሚገባዎትን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አያገኙም» አልኳቸው።

«እኔስ መች ጠፋኝ፤ እንጀራው መች ዓይን ያወጣልኛል» አሉ።

ያ ቁጥር ለእኔ በቂ ነበር። ለአዲስ ትራንስፎርመር መጠየቂያ የሚያስፈልገኝ ዋቱ ነው፤ እሱን ጻፍኩ፣ ለኃላፊያችን አቀረብኩ፣ ደጋግሜ ተከራከርኩ። ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ነገር ሲዘገይ የሚተኙ፣ ሲቃረብ የሚቸኩሉ ዓይነት ነበሩ። ለብዙ ጊዜ ተኙ። በመጨረሻ ትራንስፎርመሩ ሲመጣ የደብሩ ንግሥ ደርሶ ነበርና «ለንግሡ ይድረስ! ሕዝቡ ደስ ይበለው!» ብለው ተነሡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔም አብሬ ሮጥኩ እንጂ ቆይ አላልኩም። ለዓመታት የለመንኩት ነገር እጄ ገብቶ ማን ይቆማል?

በንግሡ ዋዜማ ረፋድ ላይ አዲሱን ትራንስፎርመር አገናኘን። የመጨረሻው ቤት ድረስ ሄጄ ለካሁ፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ንጹሕ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲቱ ነጠላዋን አንጥፋ በዚያ ላይ እርገጪ አለችኝ። እትዬ ጥሩወርቅ በራቸው ላይ ቆመው፣ ትልቅ ትእዛዝ ስላለባቸው፣ «በይ እኔ ልግባ፤ ሁለቱንም ልጣዳቸው» ብለው በጣም ደስ ብሏቸው ገቡ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቢሮ ወረድኩ።

ገና ምሳ ሳልበላ ስልክ ተደወለ። ስደርስ የእትዬ ጥሩወርቅ ማድ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቶ ወድቋል። ግድግዳው ጭቃና ባሕር ዛፍ ነው፤ ጣሪያው ከሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተለብጦ ነበር። ገመዱ በዚያ ከረጢት ሥር ያልፋል፤ መሃሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አለው። እሱ ነው ግሎ ያቀጣጠለው። ፊውዙ ሊያድን ይችል ነበር፤ ግን በየጊዜው ስለሚበጠስ አንድ ሰው በወፍራም ሽቦ ተክቶላቸዋል። በሌሎች ቤቶችም ምጣዶች ተሰነጣጥቀዋል፣ ሽቦዎች ቀልጠዋል፤ እሳት የገባው ግን በእሳቸው ቤት ነው፤ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ የጣዱት እሳቸው ብቻ ናቸውና። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እጃቸው ግን ተቃጥሏል፤ ሊጡን ለማውጣት ተመልሰው ገብተው ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ፍርስራሹ አጠገብ ቆመው ነበር። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም።

«ልጀ» አሉኝ፣ «ያ ደካማው መብራትሽ ይሻለኝ ነበር። በይ አሁን ከምሰሶው ላይ ቁረጭልኝ። ሁለተኛ ቤቴ እንዳይገባ።»

ወጥቼ ቆረጥኩ። ብዙ ምሰሶ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

ምን እንደተፈጠረ የነገረኝ ምትኩ ነው። ምትኩ ገበያው ጫፍ ላይ ምጣድ የሚጠግን፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። የሸክላው ሥር ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ይተኛል። «እትዬ የሺ፣ ሴቶቹ እንጀራው አልበስል ሲላቸው ሽቦውን አሳጥርልን አሉኝ፤ እኔም ቆርጨ አሳጠርኩላቸው» አለኝ። «ሽቦው ሲያጥር ምጣዱ ይግላል። አንዷ ስታስቆርጥ ግን መስመሩ ይደክምና የጎረቤቷ ምጣድ ይቀዘቅዛል። እሷም ትመጣለች። ከዚያ የመጀመሪያይቱ ተመልሳ ትመጣለች። ሰፈሩን በሙሉ እኮ ቆርጨዋለሁ።» እሱ የለመኑትን ሠራ። ሰፈሩ ሁሉ ደካማ መብራትን በአጭር ሽቦ ለምዶት ነበር፤ እኔ ደግሞ የጠነከረውን መብራት ድንገት ለቀቅሁበት።

በሳምንቱ ጣራ ገዳም ሄድኩ። ጋሽ አድማሱ ከገዳሙ ደን ሥር፣ ጥላ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። አርጅተዋል። ሰላም ብያቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ዳዊቱን ከደኑትና ጠየቁኝ።

«ያን ጊዜ የለካሽው ቮልቱ ስንት ነበር?»

«መቶ ሃምሳ።»

«አምፒሩስ?»

«አሥራ አምስት።»

ዝም አሉ። የድሮው ዝምታቸው ነው። አሥራ አምስት አምፒር ያላስደነገጠኝ ለምን እንደሆነ እዚያ ተቀምጬ ገባኝ። ደኅና ምጣድ በደኅና መብራት የሚወስደው አሥራ ስድስት ግድም ነው፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ስመለከት የማውቀው ቁጥር ሆነብኝ። ነገር ግን መብራቱ ደኅና አልነበረም። በመቶ ሃምሳ ቮልት ደኅና ምጣድ አሥራ አንድ እንኳ መውሰድ አልነበረበትም። መተኛት የነበረበት ምጣድ አልተኛም ነበር። ይህንን ለማወቅ አንድ ማካፈል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ያውም ሕፃን የሚያካፍለው።

«አሥር» አልኩ። «አሥር ኦም ነበር።»

«ደኅናው ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

«አሥሩ በሁለት መቶ ሃያ?»

«ሃያ ሁለት አምፒር። ወደ አምስት ሺህ የሚጠጋ ዋት። በሁለቱ ምጣድ አርባ አራት አምፒር፣ በዚያ አሮጌ ገመድ ላይ።» ገመድ የሚግለው በአምፒሩ ልክ ብቻ አይደለም፤ አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። ሠላሳ ይዞ የኖረ ገመድ አርባ አራት ሲጫንበት ሙቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን ስናገር አለቀስኩ። በእሳቸው ፊት ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ አድማሱ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ «የሌሎቹን ምጣድ ማን ሊለካቸው ነው?» አሉኝ።

ተመልሼ ምትኩን ይዤ ሰፈሩን በሙሉ ዞርን። እኔ እለካለሁ፣ አካፍላለሁ፤ ያነሰውን ምትኩ ሽቦ እየጨመረ ወደ አሥራ አራት ይመልሳል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት የተቀበለን ይመስላል። አልነበረም። ምጣዳቸው በሕይወት የተረፈላቸው ሴቶች ተጣሉን። አንዲት ሴት ምጣዷ ላይ ተቀምጣ «እንዲህ እንደ ገሃነም ሲነድልኝ ነው የምወደው፤ አትንኩብኝ!» አለች። ሰላም ብዬ ቁጭ አልኩ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኩ፣ ገመዷን በእጄ ጀርባ ዳሰስኩ፣ እሷንም እጇን ይዤ አስዳሰስኳት። ፈጥና ሳበችው። ከዚያ በኋላ ራሷ ጎረቤቶቿን እየጎተተች ታመጣልን ጀመር። ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ግን አለቀ። ከዚያ ሰፈር ሌላ እሳት አልተነሣም።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን አሻፈረኝ አሉ። መሥሪያ ቤቱ የተቻለውን ካሣ ሰጣቸው፣ ልጆቻቸው ማድ ቤቱን በብሎኬት ሠሩላቸው፤ ገመድ ግን አላስገቡም። በእንጨት መጋገር ጀመሩ። በእንጨት ሁለት ምጣድ ማስኬድ አይቻልምና ሆቴሎቹ ሄዱባቸው፤ የቀሩት ተማሪዎቹ ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የሬዲዮ ገመድ እንኳ ቤታቸው አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እጅ እነሣለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብለው ያልፋሉ። ቀልዳቸው ቀረ፤ ያ ቀልድ ቢመለስልኝ ስንቱን በሰጠሁ።

ሽማግሌም ልኬ አውቃለሁ፤ የሰፈሩን ቄስና ሁለት አዛውንት። ሄደው ተመለሱና ቄሱ እየሳቁ መልሱን ነገሩኝ። «"ከየሺ ጋር መች ተጣላሁ? የተጣላሁት ከሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ ሽማግሌ አይሰማም" ብለውናል።»

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ጋሽ አድማሱ ዐረፉ። እኔም ጡረታዬ ደረሰ፤ ጋቢ አለበሱኝ፣ ጥሩ ጥሩ ንግግር አደረጉልኝ። ንግግሩ ላይ የትኛውም ተናጋሪ ያን ማድ ቤት አላነሣም። ደግነታቸው ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ደጄ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቶ ያነባል፤ በሩን እንኳ በእጃቸው ዳብሰው ነው የገቡት። ተነሥቼ አስቀመጥኳቸው።

«ሐኪሙ ጭሱን ካልተውሽ ዓይንሽ ይጠፋል አለኝ» አሉ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ። «ሥራየን ልተው ብል ደግሞ አልሆነልኝም፤ እጀ ካልጋገረ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። መብራቱን አስገቢልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉት፤ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»

«ቆጣሪውን እነሱ ይትከሉ» አሉ። «የቤቱን ግን አንች። ያኔ ያበራሽው አንች አይደለሽ? ሌላ ሰው አላምንም።»

«እኔን እንዴት ያምኑኛል?»

«አንችማ ታውቂዋለሽ።»

የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ቆጣሪውን ተከሉ፤ እኔ የውስጡን ሠራሁ። አዲስ ወፍራም ገመድ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ አንድም ቅጥያ ሳይኖረው ዘረጋሁ። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን፣ ጭነት ሲበዛ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር አስገባሁ። ምጣዱን የሠራው ምትኩ ነው፤ ሸክላው እስኪደርቅ ድረስ በፀሐይ እየዞረ ሲያዞረው ከረመ። እኔ ደግሞ ከመታሰሩ በፊትም ከታሰረ በኋላም ለካሁት፤ አሥራ አራት ኦም። በር ላይ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ቮልት አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ጮክ ብለሽ ተናገሪው» አሉኝ። «እኔም ልስማው።»

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ለአሥራ አራት ሲካፈል፣ አሥራ አምስት ተኩል አምፒር። ተባዝቶ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ዋት ግድም። ገመዱ ከዚህ እጥፉን ይችላል።»

«ያኔስ? ያኔ ስንት ነበር?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠይቀውኝ አያውቁም። «በእያንዳንዱ ምጣድ ሃያ ሁለት አምፒር» አልኩ። «በሁለቱ አርባ አራት። ገመዱ ሊችለው አይችልም ነበር።»

«ታውቂው ነበር?»

«ባካፍለው ኖሮ አውቀው ነበር። ማባዛቱን ብቻ ሠርቼ ሄድኩ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ጠባሳ ባለበት እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ይጠመዝዙ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ተይው» ብለው በእጃቸው አስቆሙኝ። ወደ ማብሪያው እጄን ስዘረጋም እጄን ገለል አደረጉና ራሳቸው አበሩት። ምጣዱ ድምፅ ሳያሰማ መጋል ጀመረ።

እኔ በርጩማ ስቤ በሩ አጠገብ፣ ንፋስ በሚገባበት ልቀመጥ ስል፣ «እዚያ አይደለም» አሉኝ። በርጩማውን አንሥተው ገመዱ ግድግዳው ላይ ከሚያልፍበት ሥር፣ ስቀመጥ ገመዱ ልክ ከራሴ በላይ እንዲውል አድርገው አስቀመጡት።

«እዚህ» አሉ። «ጋግሬ ሳልጨርስ አትሄጅም።»

ተቀመጥኩ። ወደ ሊጣቸው ቀርበው ማማሰል ጀመሩ፤ ጋግረው እስኪጨርሱም ከዚያ አልተነሣሁም።